አርባኛው ክንድ

ዶማው ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ የድንጋይ አይደለም። ጉድጓድ ቆፋሪው ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ይጠርጋል። እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ አርባ ክንድ ቁልቁል ወርዳ እሱ ዘንድ የምትደርሰው በቀን ለዚች ቅጽበት ብቻ ነው። በዚያ ብርሃን፣ የክንዱን ያህል የወፈረ ቢጫ ሥር ከግድግዳው ወጥቶ እየተጠማዘዘ ወደ መሬት ሆድ ሲገባ ያያል። ወርቅ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ውኃ ሲያወጣ ኖሯል። የገዛ ቤቱ ጣሪያ ግን እስከ ዛሬ ያፈሳል። ይንበረከካል።

«አየኸው?» ይላል አንድ ድምፅ።

ከላይ አይደለም። ላይ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ባልዲውንም እሱንም በገመድ የሚያወርድ፣ የሚያወጣ። ይህ ድምፅ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ለስላሳ፣ ትሁት፣ እንደ ቆየ ጎረቤት። ቆፋሪው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። በልጅነቱ ፈርቶ የሰማው ተረት ሁሉ ባንዴ ጀርባው ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ይወርዳል።

«ነፍሴን አልሸጥም» ይላል።

«ኧረ ነፍስህን ማን ጠየቀህ? ላይ ገመድ የያዘውን ስጠኝ። እሺ በል፣ አለቀ። ሥሩ እስከ ማዶው ተራራ ይሄዳል፤ ሁሉም ያንተ ነው።»

ወርቁ በብርሃኑ ውስጥ የሚተነፍስ ይመስላል። ቆፋሪው አፉን ይከፍታል። ሊሳደብ ነበር ያሰበው።

«ያመዋል?»

ያለው እሱ ራሱ ነው። ቃሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ያ ልጅ እኮ በሱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ያደገ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ዶማውን ይጥላል። ገመዱን በብብቱ ሥር ያስራል።

«አውጣኝ! ቶሎ በል፣ አውጣኝ!»

ግድግዳው ዝም ብሏል። ገመዱ ይወጠርና ከመሬት ያነሣዋል። አሥር ክንድ። ሃያ ክንድ። ወርቁ ከእግሩ ሥር ወደ ክር ይቀጥናል። ከዚያ ገመዱ ቀጥ ይላል።

መሐል ላይ ተንጠልጥሏል። ከአናቱ በላይ የሰሃን ያህል ሰማይ። ወንድሙ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ከሱ ጋር አይደለም። ይናገራል፣ ዝም ይላል፤ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነው። ቆፋሪው ይገባዋል። ላይም ተጠይቋል። ላይ ያለው ደግሞ እሺ ማለት እንኳ አያስፈልገውም፤ እጁን መክፈት ብቻ ነው።

ሊጠራው ያስባል። በየትኛው አፉ?

ገመዱ አንድ ስንዝር ወደ ታች ይንሸራተታል። ይቆማል። ጠጠር ከአፋፉ ይነሣና በትከሻው አልፎ ይወርዳል፤ ሲያርፍ አይሰማም። ቆፋሪው ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲህ ሆኖ ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም፤ ገመዱ መውጣት ሲጀምር ግን ትንፋሹን የተዋሰው ይመስለዋል።

አፋፉን በደረቱ ተስቦ ይወጣል። ወንድሙ ገመዱ ከተጠመጠመበት ግንድ አጠገብ ዘጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ላቡ ፊቱን አጥቦታል። ሜዳው ጭር ያለ ነው። የሰው ዘር የለም።

«ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«ከማንም፣ ጋሼ።» ዓይኑን ከመሬት አያነሣም። «አንተስ? ታች?»

«ከማንም።»

ቆፋሪው የብብቱን ቋጠሮ ይፈታና ገመዱን ሊጠቀልል ይስባል። ገመዱ አልመጣም ይላል። ደግሞ ይስባል፤ ወንድሙ አብሮ ይሳባል። ቆፋሪው ገመዱን በዓይኑ ይከተላል። በግንዱ ዞሮ፣ በአቧራው ላይ አልፎ፣ ጠዋት መሬት ላይ ተጥሎ የነበረው ጫፍ ወንድሙ ወገብ ላይ ነው፤ ሦስት ቋጠሮ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ የገዛ እጁን ያላመነ ሰው እንደሚያስረው።