ሽማግሌ ፀጉር ቤት ሲገባ

«እንኳን ደስ ያለሽ!» ስላት ኡርጂ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ታፈጥብኛለች።

«በምኑ ነው፣ ኦቦ ይገዙ?»

ወደ ፋንቱ እዞራለሁ። ፋንቱ ጎረቤቴ ናት፤ የፀጉር ቤቱም ባለቤት። ጠዋት ሱቄ ድረስ መጥታ «ጋቢህን ልበስና ና፤ ኡርጂ ከእጄ ልታመልጥ ነው፣ ሽማግሌ ሁነኝ» ስትለኝ ምን ልጠርጥር? ላጤ ወንድም አላት፤ ለእሱ ልናጫት መስሎኝ ከዘራ ሁሉ ተውሼ ነው የመጣሁት።

«የምን ደስታ! ልትለቅ ነው እኮ» ትላለች ፋንቱ። «ከድልድዩ ማዶ የራሷን ልትከፍት!»

ለካ ኡርጂ ስትቀጠር «ከለቀቅሁ ሁለት ዓመት አምቦ ውስጥ ፀጉር አልሠራም» ብላ ፈርማለች። ፋንቱ ያንን ይዛ ጠበቃ ዘንድ ብትሄድ፣ «ሰው በእጁ ሙያ እንዳይበላ በዚህ አታስሪውም» ብሎ መልሷታል። ወረቀት ያልያዛትን ሽማግሌ ይይዛታል ብላ እኔን ጠራች። እኔን! የገዛ ፍየሌን አስሬ ማሳደር ያቃተኝን።

ፋንቱ መቀመጥ አልቻለችም። የታጠፈ ፎጣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች፣ በር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ካስክ ስር ፀጉሯን የምታደርቀው ደንበኛ ወሬው እንዳያመልጣት አንገቷን አውጥታለች።

«በማርያም አስምልልኝ» ትለኛለች ፋንቱ። «ከፈለገች ጎጆ ከተማ ሄዳ ትክፈት።»

«በዚያ ብርድ?» ትላለች ኡርጂ። «እዚያ ሻሽ የሚወልቀው ለጥምቀት ነው።»

በሩ ይከፈትና አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። «ኡርጂ አለች?»

«እጇ ተይዟል። ግቢ፣ እኔ እሠራሻለሁ» ትላለች ፋንቱ።

«አይ፣ ሲመቻት እመለሳለሁ።»

በሩ ይዘጋል። ፋንቱ የያዘችውን ፎጣ የት እንደምታደርገው ይጠፋታል። እሷ ያየችውን እኔም አየሁ፤ ኡርጂ ስትሄድ ወንበሮቹ ብቻ ናቸው የሚቀሩላት።

«ፋንቱዬ» እላለሁ፣ «እንዳትሄድ ከምታስምያት፣ ምን ቢደረግልሽ ትቀሪያለሽ ብለሽ ብትጠይቂያትስ?»

«ለእኔ እንድታደላ ነበር የጠራሁህ!»

«ጋቢው ከብዶኝ ነው።»

ፋንቱ ሳትወድ ወደ ልጅቷ ትዞራለች። «ደሞዝ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ሙሽራ የማስጌጠው እኔ፣ ሰርጉ ላይ ‹የፋንቱ ልጅ› ነው የምባለው። ስም የለኝም።»

ፋንቱ እንደገና በር ድረስ ትሄዳለች። ማዶውን ታያለች፤ ድልድዩ ከዚህ ባይታይም። ስትመለስ ድምጿ ቀንሷል።

«እሺ። ሸሪክ እንሁን፤ እኩል። ታፔላው ላይ ስምሽን ከስሜ ጋር አስጽፋለሁ። ነገውኑ።»

ኡርጂ ካስኩን አንስታ የደንበኛዋን ፀጉር በጣቷ ትዳስሳለች፤ አልደረቀም። መልሳ ትደፋላታለች።

«ስሜ ከላይ ነው ከታች?»