«የልጄ ነው፣ እንዳትነኩት»

«ይሄን ኮተት ማነው እዚህ የገተረው?»

ምንጩ ጋ ውሃ ሊቀዱ ወረፋ የያዙት ሴቶች ዞር ብለው አዩት...

ሰውየው በየስልካችን «መንገደኛው» በሚል ስም ነው የሚታወቀው። ታሪካዊ ቦታ እየዞረ ቪዲዮ ይሠራል። ተከታዩ ለጉድ ነው።

ዛሬ የመጣው ደግሞ የተወለደባት ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ሳትቆረቆር የነበረውን የመጠጥ ምንጭ ሊቀርጽ...

ምንጩን ብቻ አይደለም። እናቱንም ጭምር።

ሳይነግራት ነው የመጣው። እሷ እንደሆነች ጠዋት ጠዋት ከምንጩ አትጠፋም። ድንገት ስታየው፣ በእጇ ቀድታ ስታጠጣው፣ ስታለቅስ፣ እሱ ሲያቅፋት... ቪዲዮውን በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሶታል።

ችግሩ ይቺ ጄሪካን ናት። ውሃው ከሚወርድበት ድንጋይ ሥር፣ ልክ ካሜራው በሚያይበት ቦታ ተቀምጣለች። ቢጫ፣ አሮጌ፣ ክዳኗ ጠፍቶ በተጠቀለለ ላስቲክ የተወተፈች።

የሌሎቹ ሴቶች ጄሪካኖች ወረፋ ይዘው ተደርድረዋል። እሷ ግን ከሰልፉ ውጪ ብቻዋን ናት።

«አንሱልኝ እንጂ... ምስሉን አበላሸችብኝ እኮ!»

«የኔ ወንድም፣ እሷ አትነካም» አለችው አንዷ ረጋ ብላ። «የአደራ ናት።»

«የአደራ ጄሪካን? ኧረ ተዉኝ...» ሳቀ።

ስልኩን ማቆሚያው ላይ አስተካከለ። መቅረጽ አስጀመረው። ተመለሰና ጄሪካኗን በጫማው ገፋት።

ተገለበጠች። ላስቲኩ ተፈናጥሮ ወጣ። ውሃው ድንጋዩ ላይ ፈስሶ ወደ ቦዩ ወረደ።

ሴቶቹ ክው አሉ።

አንዲት ጠና ያለች ሴት ከሰልፉ ወጥታ ቀረበችው። ፊቱን ፊቱን አየችው።

«እስቲ መነጽርህን አውልቅ።»

አወለቀ።

«ወይ አንተ... አንተ ነህ?»

የእናቱ የግድግዳ ጎረቤት ናት። ልጅ ሆኖ የተቀደደ ሱሪውን የምትጥፍለት ልብስ ሰፊ።

«እትዬ! እንዴት ነዎት? እማዬስ? ዛሬ ውሃ አልመጣችም እንዴ?»

ሴትየዋ ባዶዋን ጄሪካን ከመሬት አነሳች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውልልህ ምን ነበር ያልካት?»

አሰበ... ትዝ አለው። ቀረጻ ላይ ነበር። እናቱ ደግሞ ስልክ ከያዘች አትለቅም። «ሥራ ላይ ነኝ እማዬ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የምንጩን ውሃ ቀድተሽ እዛው ጠብቂኝ» ብሎ ዘጋባት።

ሊመጣ አልነበረም። ለመገላገል ያህል ነው ያላት።

«እሷ ግን አመነችህ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አሟት ነበር። ተይ ብንላት፣ ልጄን የዚህ ውሃ ጥም ይዞታል ብላ በማለዳ መጣች። ቀዳች። እዚች የምንጩ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ላለፈ ላገደመው ሁሉ ‹የልጄ ነው፣ እንዳትነኩት› ስትል ዋለች። ከሰዓት በኋላ ዝም አለች። ደክሟት ነው፣ ትተኛ ብለን ተውናት...»

ባዶዋን ጄሪካን በእጁ አስያዘችው።

«ለምን አልደወላችሁልኝም?» አላት።

«ደወልን እንጂ። ታነሳና ‹ሥራ ላይ ነኝ› ብለህ ሳናስጨርስ ትዘጋለህ። በኋላማ ጭራሽ አልገባ አለን። ያለ አንተ ቀበርናት።»

ያልታወቀ ቁጥር ሲያስቸግረው ጊዜ ብሎክ ያደረገው እሱ ራሱ ነው።

«ይቺ በእጇ የቀዳችልህ የመጨረሻዋ ውሃ ነበረች» አለችው። «ሲመጣ በእጁ እንሰጠዋለን ብለን፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ዝር አላለባትም።»

የፈሰሰ ውሃ... ተረቱን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

መንገደኛው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተደፋ። ከቦዩ በመዳፉ ሊያፍስ ሞከረ፣ የዘገነው ጭቃ ነው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለእውነት ከሆነ ያ ለቅሶ የውሸት አልነበረም። ሴቶቹም አንጀታቸው አልችል ብሎ አብረውት አለቀሱ።

እዚህ ጋ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር...

ግን ስልኩ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ይሄን ሁሉ ሲቀርጽ ነበር።

በሳምንቱ ቪዲዮው ተለቀቀ። «የእናቴ የመጨረሻ ውሃ» ይላል። ባዶዋን ጄሪካን አቅፎ ሲንሰቀሰቅ ይታያል። «እንዲህ ዓይነት ልጅ ይብዛ» ብሎ የጻፈለትን ሰው ቤት ይቁጠረው።

ጄሪካኗን የገፋበትን ጫማ ግን ማንም አላየም።

ቆርጦ አውጥቶታል።

ለልብስ ሰፊዋ አንድ ሰው ቪዲዮውን አሳያት። እስከ መጨረሻው አየችና ስልኩን መለሰች።

«ለካ አሁንም ሥራ ላይ ነው» አለች።

ወገን፣ ትምህርቱ አጭር ነው። እናት ለመገላገል ብላችሁ የተናገራችሁትንም ታምናለች። ቅዳሜ እመጣለሁ ካላችኋት ወይ ሂዱ፣ ወይ እውነቱን ንገሯት... ግድግዳ ተደግፋ አትጠብቃችሁ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ያ ቪዲዮ ቢደርሳችሁ አልቅሳችሁ ሼር ታደርጉለት ነበር? ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ... ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ «እመጣለሁ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ሰው የለም?