ቢጫው ቁምሳጥን

አዲስ ሙሽራዋን ብሩክታዊትን ባሏ «አሮጌም ቢሆን ቁምሳጥን ገዝቼ እልክልሻለሁ» ብሏት በጠዋት ወጣ። ረፋድ ላይ በሯን ስትከፍት አንድ ያረጀ ቁምሳጥን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እየሳቀች ጎትታ አስገባችው፤ ዘፈን ከፍታ እየጨፈረች ቢጫ ቀባችው፤ በሩ ላይም የሚሳሳሙ ወፎች ሳለችበት።

ባሏ ሲመለስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እንዴት ያምራል! ከየት አመጣሽው?»

«አንተ አይደለህ የላክኸው?»

«ኧረ እኔስ የሚሆን አጥቼ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት!»

በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁት እትዬ አመለወርቅ ነበሩ።

«ልጆች፣ ተሸካሚዎቹ ቁምሳጥኔን በስህተት...» ብለው ሳይጨርሱ ወፎቹን አዩ።

እትዬ ጠጋ ብለው ወፎቹን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጓቸው።

«አልጋዬም እኮ አሮጌ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።