ድካም ተሸካሚው

በኦሊምፒክ ዋናተኛ ድካሙን ለሥጋ ዘመዱ እንዲያስተላልፍ ከተፈቀደ ወዲህ፣ የውብአንቺን ድካም የሚሸከምላት አባቷ ጥጋቡ ነው። እሷ ለፍጻሜው ውድድር ገንዳው ውስጥ ስትወረወር፣ እሱ ባሕር ዳር አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ድካሙን የሚያመጣለትን አምባር አጥልቆ በቴሌቪዥን ያያት ነበር።

ገና ግማሹ ላይ ሳትደርስ ትከሻው ነደደ፤ ትንፋሹ አጠረ።

«አንተ ሰውዬ፣ አልጋ ላይ ልትሰምጥ ነው! ላውልቅልህ!» አለች ሚስቱ እናንየ።

«እንዳትነኪው! ድካሙ እሷ ላይ ይወድቃል! እየመራች እኮ ነው! በርቺ፣ የኔ አንበሳ!»

ውብአንቺ ግድግዳውን ቀድማ ነካች። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ልጅቷ እንኳን ልታለከልክ፣ ትስቃለች። ጥጋቡ ላጨብጭብ ቢል እጆቹ አልነሳ አሉት።

እናንየ አጠገቡ ተቀመጠችና ሁለቱን እጆቹን ይዛ አጨበጨበችለት።