ባለሞላው መምቻ

የጓሮው በር ቁልፍ አልተሰበረም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም ቁልፉ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ሆኖም በዚያ የ1977 ክረምት ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ዋለ መጋዘኑን በፊት ለፊቱ በር ከፍቶ ሲገባ፣ የስኳር ጆንያዎቹ እንደ ባለፈው ሰኞ ሁሉ ከመካከል ተነሥተው ግድግዳው ሥር ተደርድረው አገኛቸው። ወለሉ ተጠርጓል።

«ምን ጎደለ?»

«ምንም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ጥበቃው ሙስጠፋ። «ጠርጎ የሚሄድ ሌባ! ወላሂ፣ አንድ ቀን እኔም ቤት ገብቶ ቢሰርቅ ደስ ይለኛል።»

ዋለ አልሳቀም። ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ነበር፤ አሁን የቀበሌው መጋዘን ነው። የአውራጃው ተወካይ በመጪው ሰኞ ወደ ሆሳዕና ከተማ መጥቶ የታሸገውን በር የሚከፍተውን ሰው እንደሚረከብ ተናግሯል። የሚረከበው ሰው ከሌለ ሊቀመንበሩን ራሱን ይዞ ይሄዳል።

ዋለ በሩን ከውጭ በኩል ዞሮ መረመረው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት በመሆኑ ማጠፊያዎቹ በእንሰቱ በኩል ይታያሉ። ማጠፊያዎቹን የሚያያይዙት ፒኖች ጫፍ ዝገቱ ተፍቆ ያበራል። ፒኖቹን ከታች ወደ ላይ መትቶ ያወጣ ሰው ቁልፉን ሳይነካ መግባት ይችላል፤ ሲወጣም መልሶ ይከታቸዋል።

«በመዶሻ ቢሆን እኮ እሑድ ጠዋት ከስብሰባው አዳራሽ ይሰማን ነበር» አለ ሙስጠፋ።

ያለ መዶሻ የሚመታ መሣሪያ የነበረው አናጢው ጠና ብቻ ነው። አንድ ሚስዮናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት ባለሞላ መምቻ ነበር፦ በጥቅል ሞላ የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዘንጎች። ጫፉን ሚስማር ራስ ላይ አሳርፎ ሞላውን ስቦ ሲለቀው ሚስማሩ ከእንጨቱ ገጽ በታች ይሰምጣል፤ ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍነዋል። የማጠፊያ ፒንም በዚያው ይወጣል። ጉልበት አይጠይቅም። ጠና ለሴቶች ማኅበር አግዳሚ ወንበር በሠራ ጊዜ ሴቶቹ ተራ በተራ እየሞከሩት ሲስቁ ውለዋል።

«አንተ ነህ የምትከፍተው?» አለው ዋለ፣ ጠና ቢሮው እንደቀረበ።

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም!»

«አትጩህብኝ፣ ዋለ። ሚዜህ ሆኜ አንተንና ገነቴን በዚያ ጸሎት ቤት በፊት ለፊቱ በር ሳስገባችሁ ድምፅህ እንዲህ አይወጣም ነበር። እንዲያውም ‹እሺ› ስትል ማንም አልሰማህም።»

ሙስጠፋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዋለ ጠናን በቀበሌው እስር ቤት እንዲቆለፍበት አዘዘ። መምቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደና ልብስ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ማቴዎስ፣ ልጃቸው፣ ጊምቢቹ ከተማ አያቱ ዘንድ ስለከረመ የሚነካው የለም። የሣጥኑን ቁልፍ ከራሱ ጋር ሊይዝ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ገነቴ ለለቅሶ የምትለብሰው ነጠላ እዚያው ስለነበረ ለእሷ ተወላት።

ቅዳሜ ማታ ከመፈክር የተረፈውን ቀይ ቀለም ይዞ ወደ ጓሮው ሄደና የፒኖቹን ጫፎች ከነማጠፊያቸው ቀባ። ቀለሙ በክረምቱ እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ነገ ማንም ካልነካው፣ ጥፋተኛው ጠና መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት የስብሰባው አዳራሽ ግማሹ ባዶ ነበር።

«ሰዉስ?» አለ ዋለ።

«ለቅሶ ነው፣ ጓድ» አለ ሙስጠፋ። «በእኛ ቀበሌ ሰው የሚሞተው እሑድ እሑድ ነው።»

ዋለ ሊቆጣ ብሎ ተወው፤ የራሱ ሚስትም ለቅሶ ላይ ነበረች።

ምሳ ሰዓት ገነቴ ጎመኑን ስታቀርብ አውራ ጣቷ ቀልቶ አየ።

«በርበሬ በእጅሽ አትንኪ አላልኩሽም? ኋላ ዓይንሽን ትነኪበትና!»

ገነቴ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ጠና ምን ሊሆን ነው፣ የማቴዎስ አባት?»

«ነገ ይለያል።»

ሰኞ ጠዋት ከፒኖቹ ጫፍ ቀለሙ ተልጦ ነበር። ጆንያዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ወለሉም ተጠርጓል።

ዋለ የወረቀቱን ማኅተም ደጋግሞ በጣቱ ዳሰሰው። ጠና ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎበት ነበር። እንግዲያው ሁለተኛ መምቻ አለ! የብረታ ብረት ነጋዴውን የአወልን ሱቅ አስፈተሸ፤ ሚስማሩን ከነሣጥኑ አስገለበጠ።

«ሊቀመንበር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢኖረኝ እኮ ባለፈው ሳምንት ለአንተው እሸጥልህ ነበር» አለው አወል፣ የተበተነውን ሚስማር እየለቀመ።

እስር ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠናን ጠየቀው። «ሌላው የት ነው?»

«ሌላ የለም። ከሺንሺቾ እስከዚህ ብትፈልግ አንድ ነው፤ እሱም አንተ ጋ ነው ያለው።»

«ትዋሻለህ!»

«እኔ አልዋሸሁህም፣ ዋለ» አለ ጠና። አስተያየቱ የሚያዝንለት ይመስል ነበር፤ ይህም ዋለን የባሰ አናደደው።

ረፋዱ ላይ የአውራጃው ተወካይ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ደረሰ። ታሪኩን ሁሉ በጥሞና አዳመጠ፤ የፒኖቹንም ጫፍ ራሱ አየ።

«ሰውየውን ኋላ እናያለን» አለ። «ቀለሙን የነካ መሣሪያ ቀለሙን ይዞ ይገኛል። በመጀመሪያ ያንተን መምቻ አምጣና እሱ አለመሆኑን እናረጋግጥ፤ ከዚያ ሌላውን ቤት ለቤት እንፈልጋለን።»

ዋለ በደስታ ተስማማ። የሚያስብ ሰው አገኘ። አንደኛውን ታጣቂ አስከትሎ ቤቱ ሄደ።

ገነቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቁልፉን ሲጠይቃት ከአንገቷ ክር አውልቃ ሰጠችው። ዋለ ሣጥኑን ከፈተ፣ ነጠላውን አነሣ፣ ጨርቁን ፈታ። ታጣቂው ከትከሻው በላይ አንገቱን አስግጎ አየ።

የመምቻው ጫፍ ቀይ ነበር።