ሁለተኛው ኮፒ

«ዝርዝሩስ?» ይላል አዲሱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የዘረጋውን እጅ ሳያጥፍ።

ዘሚራ ማመልከቻውን ሰጥታዋለች። የወላጆች አሻራ ያረፈበት የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳውን በክርኗ ጎኗ ላይ አጣብቃዋለች። ከሞጣ እስከ ብቸና መኪናው ለፍተሻ በቆመ ቁጥር እንደዚሁ ስታጣብቀው ነው የመጣችው።

«ማመልከቻው ላይ ቁጥሩ አለ» ትላለች። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ።»

«ቁጥርማ ማንም ይጽፋል፣ መምህርት።»

እውነቱን ነው፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ትምህርት ቤታቸው ሁለት ዓመት ተዘግቶ ስለከረመ በፌደራሉ መዝገብ የተማሪው ቁጥር ዜሮ ነው። ለዜሮ ተማሪ ድጎማ አይላክም። ድጎማው ካልተላከ መጽሐፍ የለም፣ ጠመኔ የለም፣ ለተነቀለው ጣሪያም ቆርቆሮ የለም፤ መስከረም ላይ የሚከፈት በር አይኖርም። ሪፖርቱ የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ከቀድሞው ኃላፊ ጋር ጉዳዩን ጨርሳው ነበር። «የወላጆቹን አሻራ ይዘሽ ነይ፣ እኔ አስተላልፈዋለሁ» ያላት እሱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ተነሣ። የት እንደገባ ድምፁን አውጥቶ የሚናገር የለም። በሩ ላይ ያለው ስሙ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ስሙ ከሥር ይነበባል።

ከጎኗ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ተቀምጠዋል። የቅኔ መምህር ናቸው፣ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው።

«የኔታ፣ በግንቦት ፀሐይ ምን አስከናነበዎ?» ትላቸዋለች ፈንታነሽ፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ። የቢሮው ጸሐፊ ናት፤ አራት ኃላፊ ሸኝታለች።

«ዕድሜ ነው፣ ልጄ።»

«እሱስ እኔንም ሊያስከናንበኝ ነው። እዚህ ቤት አንዱ ዓመት እንደ ሦስት ነው የሚቆጠረው።»

ኃላፊው አይስቅም፤ አይቆጣምም። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

የኔታ እጃቸውን የደበቁት ለብርድ አይደለም። አሻራው የተሰበሰበ ቀን የቀበሌው የማኅተም ቀለም ደርቆ ተገኘ። ሰው ከየእርሻው ተጠርቶ ቆሟል። ያኔ የኔታ ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ለወራት አብላልተው ለብራና የሚያዘጋጁትን ቀለም በቀንድ አመጡ። ብራና ላይ ዘመን የሚሻገር ቀለም ሰው ጣት ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። በእንዶድ ታሽቷል፣ በሎሚ ታሽቷል፣ በአሸዋ ታሽቷል። የአገሬው ሰው አውራ ጣቱን ጨብጦ ገበያ ይወጣል። እንዴት እንደሚደረግ ለማሳየት መጀመሪያ ጣቷን የነከረችው ዘሚራ ናት።

«ላስቸግርሽ አይደለም» ይላል ኃላፊው። «የፌደራሉ ፎርም ስም ከነአባት ስለሚል ነው።»

ከነአባት። የልጆቹን ስም ብቻ ሰጥታ ወላጆቹን ማስቀረት አትችልም፤ ከልጁ ስም ኋላ አባቱ ቆሟል። አምና ለውሃ ጉድጓድ የፈረሙ ሰባት አባወራዎች ነበሩ። ያኔም ኃላፊ ተቀየረና «ለማን ብላችሁ ነው የፈረማችሁት?» ተብለው አንድ በአንድ ተጠሩ። ስድስቱ ተመለሱ። ሰባተኛው፣ አምላኩ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዝርዝሩ ላይ ተራ ቁጥር አርባ አንድ፦ ጸደንያ አምላኩ፣ ሦስተኛ ክፍል። ከጎኑ የእናቷ አሻራ አለ።

«ዝርዝሩ ከዚህ ወዴት ነው የሚሄደው?» ትላለች ዘሚራ።

«ወደ ፌደራል።»

«ወደ ፌደራል ብቻ?»

«ሌላ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ወደ የኔታ ዞር ትላለች። የኔታ ወለሉን እያዩ ነው።

«የፈሩት ይደርሳል ይባላል» ይላሉ ቀስ ብለው። «ደርሷል። ልጆቹ ዜሮ ተብለው ከሚቀሩ ስጪው።»

ትሰጠዋለች። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ኃላፊው በጣቱ እየተከተለ መስመር በመስመር ይወርዳል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ይቆማል። ዘሚራ አርባ አንድ መሆኑን ከተቀመጠችበት ማየት አትችልም፤ ግን ታውቃለች። ገጹን ይገልጣል።

«ቀለሙ ጥሩ ነው» ይላል። «የት ነው የሚሸጠው?»

የኔታ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ።

ማኅተሙን ያነሣል፣ ማመልከቻው ላይ ይመታል። አለቀ። ሦስት ወር የተመላለሰችበት ነገር የአንድ ምት ድምፅ ነው።

«ፈንታነሽ፣ ኮፒ አድርጊው።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

ማሽኑ ያጓራል። ብርሃኑ ከገጽ ገጽ ይመላለሳል፤ ጥቁር አውራ ጣቶች በረድፍ በረድፍ ይወጣሉ። ፈንታነሽ ዋናውን ፌደራል የሚል ፖስታ ውስጥ ትከታለች፣ አንዱን ኮፒ ፋይል ውስጥ ታስገባለች። ሁለተኛውን ይዛ ኃላፊውን ታያለች። ቀልዷ የለም።

«እዚህ ተይው» ይላታል።

«እሱስ ለማን ነው?» ዘሚራ ድምፅዋን የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው።

«ለሚጠይቅ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስተካክልና ፈገግ ይላል። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ መምህርት። ተማሪዎቻችሁ ተቆጥረዋል።»

ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ይፋጃል። ስለ ቆርቆሮው ማሰብ ትፈልጋለች። ስንት ቅጠል እንደሚበቃ በልቧ ልታሰላ ትሞክራለች፤ ቁጥሩ አርባ አንድ ላይ እየደረሰ ይቆማል።

የኔታ ወደ ቢሮው ግድግዳ ይጠጋሉ። እጃቸውን ከጋቢው ያወጡና አውራ ጣታቸውን ሸካራው ላይ ይፈትጉታል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግመው። ኖራው ይረግፋል፣ ጋቢያቸው ላይ ይነሰነሳል፣ ከሥሩ ጭቃው ይታያል። ጣታቸው እንደ ጠቆረ ነው።