የክሊፎርድ ዳገት

ከጉልበት ከፍ የማትለው፣ ሰው እንደ ፈረስ ተፈናጦ የሚዝናናባት የመናፈሻው የእንፋሎት ባቡር ዳገቱ መሃል ስትደርስ መንኮራኩሮቿ ተንሸራተቱና ቆመች። ነጂው ጥላሸት የጠገበ ፊቱን ወደ ተሳፋሪዎቹ አዙሮ፣ "ይቅርታ፣ አንድ ሰው ቢወርድልን ትወጣለች" አለ። ስም አልጠራም። የሁለት ሰው ቦታ የያዘው ክሊፎርድ ግን እስከ ጆሮው ቀላ። ሌሎቹ ሰማይ ሰማዩን ያዩ ጀመር።

ሊነሳ ሲል፣ ከኋላው የተቀመጠችው ሚስቱ ዶሪን ትከሻውን ተጫነችው። "አርፈህ ተቀመጥ። እኔ እወርዳለሁ።" እንደ ወፍ የቀለለችው ዶሪን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች። ባቡሯ ንቅንቅ አላለችም። አንድ አዛውንት "እኔም እግሬን ላፍታታ" ብለው ተከተሏት። ከዚያ አንዲት እናት ከነልጆቿ፣ ከዚያም የቀረው ሰው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰበብ እየፈለገ ወረደ። ክሊፎርድ ብቻውን ቀረ። ባቡሯ አቃስታ መውጣት ጀመረች።

ተሳፋሪዎቹ ሣሩን እየረገጡ እንደ ቀብር ሸኚ ከጎኑ ተጓዙ። ክሊፎርድ አንገቱን ደፋ።

"ቀና በል እንጂ" አለችው ዶሪን እያለከለከች፤ "ይህን ያህል አጃቢ ያለው ንጉሥ ብቻ ነው።"

ክሊፎርድ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዝግታ እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አውለበለበ። አጃቢዎቹም መለሱለት።

"ጌታዬ" አለ ነጂው ዞር ሳይል፣ "እባክዎ አይወዛወዙብኝ፤ ዳገቱን ገና አልጨረስነውም።"